የክፍሌን በር የዘጋው ስፒከር

ማሙሽ፣
ይህን ወረቀት በክፍሌ በር ሥር ያሾለክሁልህ፣ ብጣራ ብጣራ ሙዚቃው በልጦኝ ነው። ስፒከርህ በሳሎን በኩል ተደግፎት በሩ አልከፈት ብሎኛል።

መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡት ትንንሾቹ ይበቁናል ብዬህ ነበር። አንተ «እነሱ መጫወቻ ናቸው» ብለህ ደረቴ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ግንዶች አቆምክ። ከዚያ «ከግድግዳ ካልራቁ ድምፃቸው ይታፈናል» እያልክ በየቀኑ ወደ እኔ ታስጠጋቸዋለህ። እነሱ እንዳይታፈኑ እኔ ታፈንኩ።

ትናንት የተናገርኩህ በዝቶ ይሆናል። ታናሼን ተቀይሜ መዋል አልችልበትም።

ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

ሥራ ረፍዶብኛል፣ በመስኮት ልወጣ ነው። በዚህ ቀሚስ።

ማታ ስመጣ በሩ ይከፈትልኝ።
ካልሆነልህ መስኮቱን እንዳትዘጋብኝ።

እህትህ