ለቀስተኛ በእግሩ ይሂድ፤ የወይዘሮ አጅዋንግ ኦጉላ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አጅዋንግ ኦጉላ ከአባታቸው ከአቶ ኦጉላ ኡቻን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሪየት ኡማን በ1944 ዓ.ም. በጋምቤላ፣ ጎግ ተወለዱ። ቀኑ አልተጻፈም፤ እናታቸው ግን የበቆሎው እሸት በደረሰበት ሰሞን ነው ይሉ ነበር። ከሰባት ልጆች አምስተኛዋ ሲሆኑ፣ ከታላላቆቻቸው ጋር እየተከራከሩ ያደጉ፣ የያዙትን ነገር በዋዛ የማይለቁ ሰው ነበሩ።

በአካባቢው በነበረ የሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አማርኛ የለመዱት እዚያ ነው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው በአኙዋክኛ አስበው በአማርኛ ይቆጡ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በሚሲዮኑ ክሊኒክ ቁስል አጣቢ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ከዚያም የድሬሰርነት ሥልጠና ወስደው በኢታንግና በጋምቤላ ከተማ ሃያ አምስት ዓመት አገለገሉ። መርፌያቸው አያምም፣ ምላሳቸው ግን ያማል ይባልላቸው ነበር።

በ1963 ዓ.ም. ከመምህር ኦሞት ኝጎ ጋር፣ የጥሎሹ ዶቃ እንደ ወጉ ተሰጥቶ፣ በቤተ ክርስቲያንም ተባርከው ጋብቻ መሠረቱ። ኢያሱን፣ ርብቃንና ኤልሳን ወለዱ። መምህር ኦሞት ዝምተኛ ስለነበሩ በዚያ ቤት የሁለቱንም ድርሻ የሚናገሩት ወይዘሮ አጅዋንግ ነበሩ።

ክልሉ ራሱን ማስተዳደር በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማው ውስጥ መኪና በዛ፤ መንገዱ ግን ያው ኮረኮንች ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 1987 ዓ.ም. ጎግ ውስጥ አንድ ዘመድ ሞቶ፣ የከተማው ለቀስተኛ ጨውና ቆርቆሮ በጫነ የአቶ ዓሊ አይሱዙ ላይ ወጣ። አቶ ዓሊ በገበያው መሃል ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ጭነቱ ላይ የተሳፈረው አርባ ሦስት ሰው ነበር። ሹፌሩ ወንዳፈረው ፍሬኑ እንደማያስተማምን ተናግሮ፣ ግማሹ እንዲወርድ ለመነ። በእኛ ዘንድ ከለቅሶ የቀረ ሰው ዘመድ አይባልም፤ ውረድ የተባለ ለቀስተኛም መላ ቤተሰቡ እንደተሰደበ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከጭነቱ ላይ ሆነው የመለሱለት ወይዘሮ አጅዋንግ ናቸው።

«ለቀስተኛ አይወርድም። ንዳ።»

ወንዳፈረው ነዳ። የዘገየበትን ሰዓት ለማካካስ አበረረው፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ፤ መኪናው ተገለበጠ። አምስት ሰዎች እዚያው አለቁ። መምህር ኦሞት ግን ከቆርቆሮው ሥር ሲወጡ ይናገሩ ነበር። ሊረዷቸው የተሯሯጡ ሰዎች እጅና እግራቸውን ይዘው ጎትተው አስቀመጧቸው፤ አንገታቸው መጎዳቱን ያወቀ አልነበረም። ያወቁት ወይዘሮ አጅዋንግ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ጭናቸው ተሰብሮ ሃያ እርምጃ ርቀው ወድቀው፣ አትንኩት እያሉ ሲጮኹ ሰሚ አጡ። መምህር ኦሞት ከተማ ሳይደርሱ አረፉ።

ከሦስት ወር በኋላ የሟቾቹና የባለመኪናው ወገን ሽማግሌዎች ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ነገሩ የፈጣሪ ቁጣ ነው ተብሎ፣ በመተቃቀፍ ሊዘጋ ነበር። ወይዘሮ አጅዋንግ በሁለት ክራንች ተደግፈው መጡ። ካሣም ሆነ የማንንም መታሰር አልጠየቁም። የጠየቁት ነገሩ በስሙ እንዲጠራ ነው።

«እግዚአብሔር ፍሬን አልፈታም» አሉ። «ፍሬን ያላሠራ ዓሊ ነው። ያበረረ ወንዳፈረው ነው። አይወርድም ያልኩ እኔ ነኝ። ይህን ሦስቱን ተናግረን እንታረቅ፤ አለዚያ እርቅ የለም።»

ሽማግሌዎቹ ባል የሞተባት ሴት እንዴት ራሷን ትከሳለች ብለው ደነገጡ። አቶ ዓሊ ስለ ፍሬኑ ሁለት ጊዜ ተነግሯቸው ነገ ዛሬ ሲሉ እንደቆዩ በሰው ፊት አመኑ። ወንዳፈረውም ማብረሩን እያለቀሰ ተናገረ። እርቁ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ አጅዋንግ ጭነት መኪና በሚነሳበት ቦታ ወንበር አስቀምጠው ይውሉ ጀመር። በጭነት ላይ ሰው ካዩ ክራንቻቸውን ከፊት ጎማው ሥር ያጋድማሉ። ሹመት አልነበራቸውም፤ ሹፌሮቹ ግን ትራፊኳ ይሏቸው ነበር። በ1990 ዓ.ም. አንዱ ክራንቹን ደፍጥጦት ሄደ፤ በማግስቱ በሌላ ክራንች መጡ። ለተጎዳ ሰው ማንሻ የሚሆን ሳንቃ ሹፌሮቹ እንዲይዙ ነዘነዙ። አንገቱ የተጎዳ ሰው እንዴት እንደሚነሳ እዚያው አቧራው ላይ፣ ወንዳፈረውን አስተኝተው ያሳዩ ነበር። ዛሬ በዚህ መስመር ሳንቃ የሚይዝ መኪና ስድስት ደርሷል።

ከሁሉ የከበዳቸው የገዛ ወገናቸው ነበር። በ1991 ዓ.ም. የባላቸውን ዘመዶች ከለቅሶ መኪና ላይ አስወረዱ። የመምህር ኦሞት እህት ወይዘሮ ኛቦት ወንድሜን ቀብራ እኛን ከለቅሶ ከለከለችን ብለው ሁለት ዓመት አኮረፏቸው። ወይዘሮ አጅዋንግ ቤት ገብተው ያለቅሱ ነበር። በማግስቱ ግን ወንበራቸው ያው ቦታው ላይ ነው።

እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ «ባደረባቸው ሕመም» ማለት የተለመደ ነው። ወይዘሮ አጅዋንግ ይህን ታሪክ እያስጻፉ ሳለ ቃሉን ሰርዢው ብለው ልጃቸውን ኤልሳን አዘዋል፤ ተሰርዟል። የተሰበረው አጥንታቸው ክረምት በመጣ ቁጥር መግል ይዞ ሲመላለስባቸው ቆይቶ፣ አደጋው ስድስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ሲቀረው፣ ጥር 12 ቀን 1993 ዓ.ም. በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። የገደላቸው ያ አይሱዙ፣ ያ ፍጥነት፣ ያ ጭነትና ያ ቃላቸው ነው። እንዲህ ተብሎ እንዲነበብ አደራ ብለዋል፤ ይኸው ተነበበ።

ወይዘሮ አጅዋንግ የሦስት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ሲታመሙ ታርቀው እስከ መጨረሻው ያስታመሟቸው ወይዘሮ ኛቦትም ከቤተሰቡ ጋር በሐዘን ላይ ናቸው።

ከዚህ እስከ መቃብሩ በእግር አርባ ደቂቃ ነው። አስከሬናቸውን የሚወስደው የአቶ ዓሊ መኪና ሲሆን፣ ፍሬኑ ትናንት ተፈትሿል፤ የሚነዳው ወንዳፈረው ነው። ከሳጥኑ በቀር የሚጫን የለም። ለቀስተኛ ሁሉ በእግሩ ይሄዳል፤ ወይዘሮ ኛቦትም ጫማቸውን አጥብቀው ከፊት ቆመዋል። ይህ ዘመድን መናቅ የሚመስለው ካለ፣ ክራንቹ አሁን በኤልሳ እጅ መሆኑን ይወቅ።

እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍ፤ እኛንም በእግራችን አድርሶ በእግራችን ይመልሰን። አሜን።