የመወጣጫው ብረት

ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ የስካርብራ የባሕር ነፋስ አላባሰበትም? እኛ ደኅና ነን። እኔማ ደስታዬን የማደርግበት ጠፍቶኛል፤ እንደ ልማዴ ብለፈልፍ ቻዪኝ።

አውቶቡሳችሁ ተነሣች። አዎ፣ ያቺው አንቺና ኖርማን የሃሊፋክስን ዳገት ስትወጡባት ስትወርዱባት የኖራችሁት ባለ ሁለት ፎቅ። ጡረታ ስትወጣ አንድ ገበሬ የዶሮ ቤት አድርጓት ነበር። ባለቤቴ ኖርማን የራሱ ጡረታ በወጣ ማግስት ገዝቶ አመጣት። ከዚያ ወዲህ ባል አለኝ ማለት ቀረ። የእሑድ ምሳው ይቀዘቅዛል፣ እሱ ሥሯ ተጋድሞ ዝገት ይፍቃል። ሞተሯ ተፈትቶ ተገጠመ፣ ወንበሮቿ አዲስ ልብስ ለበሱ፣ አረንጓዴና ክሬም ተቀባች። "ለእኔ እንዲህ ደክመህ ታውቃለህ?" ብለው፣ "አንቺ መቼ ዛግሽና" ብሎ አሾፈ።

እሷንስ በቻልኳት። ያላስቻለኝ የኋላው መወጣጫ ላይ ያለው ብረት ነው፤ ትኬት ስትቆርጪ የምትይዢው፣ ቀለሙ በእጅሽ ልክ የተላጠው። ሁሉ ሲቀባ እሱ ብቻ ቀረ። "ይሄስ?" አልኩት። "እሱ ጉዳት አይደለም፣ የሥራ ምልክት ነው። አይነካም" አለኝ። ጓደኛው ክሊፍ አንገቱን ደፍቶ ብሎን መፈለግ ጀመረ። ያን ሁሉ ዓመት ኖርማን ፊት ለፊት የሾፌሩ መስታወት ቤት ውስጥ መሪውን ይዞ ብቻውን ተቀምጦ የሚሰማው ያንቺን ደወል ነበር፤ ሁለቴ ካልደወልሽለት ንቅንቅ አይልም።

ቅዳሜ የመጀመሪያው ጉዞ ሆነ። ትኬት ቆራጭ ማን ይሁን ሲባል እኔው ነኝ ብዬ ኮፍያውን ደፋሁ። ሰዉ ግጥም ብሎ ሞላ። ልንነሣ ስንል ኖርማን ወደ ኋላ ዞሮ መጣና ያንን ብረት ጨበጠ። መዳፉ በክሬም ቀለም ተለወሰ።

"ክሊፍ፣ ማን ነው የቀባው?" አለ።

"እኔ የለሁበትም፣ የኔ ጌታ" አለ ክሊፍ፣ በሐምሌ ጓንት ማድረጌን እያየ።

ኖርማን መዳፉን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። "መንገደኛ እየጠበቀህ ነው" አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ቦታው ገባ። ሁለቴ ደወልኩ። ሄደ፣ እታለም። ዳገቱን ሲያያዘው እንደ ሙሽራ አለቀስኩ።

አሁን ብረቱ ላይ የእሱ መዳፍ ታትሟል። አይነካም ብያለሁ።

በመስከረም ሌላ ጉዞ አለና ነይ። ፎቁ ላይ የፊተኛውን ወንበር ይዤልሻለሁ፣ ትኬትሽንም እኔው እቆርጥልሻለሁ። ደወሉን ግን እንዳትነኪ።

እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን ሰው አያሳጣው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

የወረቀቱን ጥግ ስላቆሸሽኩት ይቅር በዪኝ፤ ይህ ክሬም ቀለም ከጥፍር ቶሎ አይለቅም።