ለጣውንቴ ምርቃት የሄድኩ ዕለት

መስፌ፣ የኔ ጌታ፣

አንተ ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የግቢውን በር ቡናማ አስቀባሁት። አረንጓዴ ይሁን ብለህ ድርቅ ትል ነበር፤ አሁን ማን ይከራከረኛል? የንድፍ ጠረጴዛህን ግን ከመስኮቱ ሥር አላነሳሁትም።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ጣውንቴ ነው። ስለዚያች ስለ ሰበታዋ የቴአትር አዳራሽህ። ቅዳሜ ዕለት ተመረቀችልህ።

ጣውንቴ ስላት ትስቅ ነበር። ምኑ ያስቃል? ራት አቅርቤ ስጠራህ እሷ ላይ እንዳጎነበስክ መጣሁ ትላለህ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል። ቡራዩ፣ የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ እንኳ፣ ሰው ሲጨዋወት አንተ ሶፍት ላይ ደረጃዋን ትስል ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ፀጉሯን በነጨሁት፤ ሲሚንቶን ምን ያደርጉታል?

የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ግርግር ጊዜማ መቼም አልረሳልህም። ፕላኑ ገበሬውን ከመሬቱ ሊያፈናቅል ነው ተብሎ አገር ሲታመስ፣ እዚህ ሰፈራችን ዓለም ገና መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ጎማ ሲቃጠል፣ የሰው ልጅ ወጥቶ በቀረበት ቀን፣ አንተ በእግርህ ወደ እሷ ሄድክ። ሠራተኞቹ ሸክፈው ወደ ደቡብ ሄደዋል፣ ጥበቃው ኦቦ ደቻሳ ብቻውን ነው ብለህ። እኔ በሬን ቆልፌ ተኩስ ሳዳምጥ አንተ እሷ ጋ አደርክ። ጠዋት ጭስ ጭስ እየሸተትክ መጣህና መጀመሪያ የነገርከኝ እሷ መትረፏን ነው። እኔስ? እኔ መትረፌን ጠይቀሃል?

ግርግሩ በርዶ ሥራው ሲቀጥል ልብህ ቀድማ ደከመች። ጣሪያዋን ሳታይ ሄድክ። አብራህ የነደፈቻት ለሊሴ ጨረሰቻት።

ለሊሴ ለምርቃቱ ስትጠራኝ ምን ቆርጦኝ ብዬ ነበር። ኋላ ግን አላስችል አለኝ፤ ምኗ ቢያምር ነው እስቲ ልያት ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ታምራለች፤ አልዋሽህም። ሰዉ በኦሮምኛም በአማርኛም ስምህን እያነሳ ሲያደንቅ፣ አንዳንዷም እንባዋን ስትጠርግ፣ እርር ድብን አልኩ። እነሱ ምንህ ናቸው?

ኦቦ ደቻሳ በሩ ላይ አቅፎ አካም ጅርታ አለኝና ቦታሽን አየሽው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የምን ቦታ? ለሊሴ እጄን ይዛ ወደ መጨረሻው ረድፍ፣ ወደ ግራው ጥግ ወሰደችኝ።

ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደማይሰማ ለሰው አልናገርም፣ ታውቃለህ። ሁልጊዜ በቀኜ የምትሄደው፣ በቀኜ የምትተኛው አንተ ብቻ ነበርክ። ለሊሴ ሁሉንም ነገረችኝ። የአዳራሹን ግድግዳ እጥፍ እጥፍ አድርገህ የሠራኸው፣ መድረክ ላይ ያለ ሰው ያለ ማይክራፎን በቀስታ ቢናገር፣ እዚያ ጥግ ተቀምጣ በቀኝ ጆሮዋ ብቻ ለምትሰማ ሴት እንዲደርሳት ብለህ ነው አለች። ግድግዳው ቀጥ ይበል ሲሉህም አሻፈረኝ ብለሃል። ሠራተኞቹ ሳይቀሩ የመስፍን ሚስት ጥግ ይሉት ነበር አለችኝ። ሁሉም ያውቃል፣ ከኔ በቀር! አይ አንተ! አንድ ቀን ራት ላይ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

መብራቱ ጠፋ። አንዲት ልጅ ብቻዋን መድረክ ላይ ወጥታ ለራሷ የምታወራ ያህል ቀስ ብላ መናገር ጀመረች። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል ግን ከፊቴም ከጎኔም ያለው ሰው፣ ሁለት ጆሮው ደህና የሆነው ሁሉ፣ እንደኔው ጥርት አድርጎ እየሰማ ነው። ለኔ ያበጀኸውን ለአገር ምድሩ አደልከው? ቅናቴ እንደ አዲስ አገረሸ።

አልረሳህም፣ መስፌ። ትርኢት ባለ ቁጥር እሄዳለሁ፤ ጥጌ ላይ እቀመጥና በቀኜ ያለውን ወንበር ነጠላዬን አኑሬበት እይዝልሃለሁ። ቦታዬን ሰው ቀድሞኝ ተቀምጦበት ካገኘሁ አስነሳዋለሁ። ባሌ ነው የሠራልኝ እለዋለሁ።

የመጀመሪያዋ ሚስትህ፣
ሰናይት