ከቱልቦክሱ የወጣው ሽጉጥ

ኦክቶበር 3፣ 2021፣ እሁድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ቤዝመንቱን እያጸዳሁ ነው። ማክሰኞ የማሞቂያው ሰው ይመጣል፣ መተላለፊያ የለም። ባሌ ባህሩ ጥር ላይ በኮቪድ ከሞተ ወዲህ ዕቃውን አልነካሁም። ካርቶን በካርቶን ላይ። ቀዩን ቱልቦክስ ላነሳ ስል ከበደኝ። ከፈትኩት። ከመፍቻዎቹ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር።

ሽጉጥ ነው የምልሽ፣ ማስታወሻዬ! ወታደር የነበረ ሰው። ከጦር መሣሪያ ጋር ተፋትቻለሁ፣ እቤቴ አይገባም ብሎ የማለ ሰው። ጎረቤታችን የአደን ጠመንጃውን ሲያሳየው እንኳ ፊቱን ያዞረ።

መልሼ ጠቀለልኩት። ልጄን ሊያን ጠራኋት። እዚህ አሜሪካ የተወለደች ናት፤ እኔ በአማርኛ ስጮህ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ፖሊስ ጥሪና ይውሰዱት አለች። በቃ። አባትሽ ከየት አመጣው ስላት ወደ ስልኳ ተመለሰች። ለሷ ቆሻሻ ማውጣት ነው። ንድድ አልኩ።

ኦክቶበር 5፣ ማክሰኞ

ሥራ። ኮሎምበስ ዳር፣ ኦቤትስ ያለው ዌርሃውስ፤ የማሞቂያውን ሰው ሊያ ትቀበለዋለች። ሳጥን ላይ ሌብል እለጥፋለሁ፣ ሐሳቤ ቱልቦክሱ ውስጥ ነው። ማንን ፈርቶ ገዛው? ጠላት ነበረው? የሰው ደም ያለበት ዕቃ ቢሆንስ?

ብሬክ ላይ ጋሼ መኩሪያ ጋ ደወልኩ። የባህሩ የልብ ጓደኛ ነው። ሽጉጥ ስለው ሳል። ከዛ፣ «ተይው እህቴ፣ የሞተ ሰው ጓዳ አይበረበርም።»

ያውቃል! ምን እንደሚያውቅ ግን አይናገርም። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። አፈርኩ። አሁን ደግሞ እንደገና ተናድጃለሁ።

ኦክቶበር 7፣ ሐሙስ

ፖሊስ ጋ ደወልኩ፣ ኢመርጀንሲ ያልሆነው መስመር ላይ። ሙዚቃ። ሙዚቃ። አሁንም ሙዚቃ። በስንት መከራ አንዲት ትሁት ሴት አነሳች። ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበብኩላት። ተሰርቋል ተብሎ አልተመዘገበም አለች። ተመስገን።

ታዲያ የማን ነበር? እሱን አንነግርም አለች። ደግሞስ ኦሃዮ ውስጥ የትኛው ሽጉጥ የማን እንደሆነ የሚጻፍበት መዝገብ የለም። ለመኪናዬ ታርጋ የሚነዘንዘኝ አገር! ከፈለግሽ መጥተን እንወስደዋለን አለች። ገና ነው አልኩ። ሳላውቅ እንዴት ላስወስደው?

ኦክቶበር 9፣ ቅዳሜ

ሊያ እየተነጫነጨች ከክሊቭላንድ አቬኑ ወጣ ብሎ ወዳለ የጦር መሣሪያ ሱቅ ነዳችኝ። ቀድሜ ደውዬ ነበር፤ ባለሱቁ ከመኪናው ኋላ፣ ከትራንኩ እንዳታወጪው፣ ስትደርሺ ጥሪኝ ብሎኛል። ጢማም ሽማግሌ፣ ማስኩ አገጩ ሥር። ራሱ ወጣ፣ ባዶ መሆኑን ደጋግሞ አየ፣ ይዞት ገባ።

እኔ የሩሲያው ማካሮቭ ነው ብዬ ነበር። አገር ቤት መኮንኖች ወገብ ላይ የማውቀው እሱን ነዋ። የድሮ የጦር ጓደኞቹ ሰጥተውት ይሆን እያልኩ ስንት ነገር አስቤያለሁ። ሽማግሌው ሳቀ። ጥይቱ የማካሮቭ ነው፣ ሽጉጡ ግን አይደለም አለ። እጀታው ወፍራም ነው፣ ካዝናው ብዙ ጥይት ይይዛል። የቼኮዝሎቫኪያ ሠራዊት የታጠቀው ነው። በአጉሊ መነጽር አሳየኝ፦ የተጣመሩ ሰይፎች ማኅተም፣ አጠገቡ የተሠራበት ዓመት፣ ሰማንያዎቹ ውስጥ። በሌላው ጎን ወደ አሜሪካ ያስገባው ድርጅት ስም፣ በደቃቅ ፊደል። ሠራዊቱ ሲቀየር በጅምላ ተሸጦ የመጣ ነው አለ። የባህሩም ጦር ተበትኖ ነው እሱ እዚህ የደረሰው።

እሺ፣ ከዚያስ? ኮሎምበስ ውስጥ ማን እጅ ገባ? በምን ይታወቃል አለ። የመጀመሪያው ሱቅ ወረቀት ይኖረው ይሆናል፣ እሱንም መጠየቅ የሚችለው ፖሊስ ነው። ከዛ ወዲያ ሰው ለሰው ይሸጣል፣ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ ማንም አይጽፍም። ቼኮዝሎቫኪያን ነገረኝ፣ የራሴን ከተማ ሊነግረኝ አልቻለም! ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

ሽጉጡን ሊመልስልኝ ሲል ግን ፈታታው። ጥይቱን የሚመታው መርፌ የለም። ተሰብሮ አይደለም፣ አንድ የሚያውቅ ሰው አውጥቶታል። ዘይትም ቀብቶታል። ራሱን ሊጠብቅበት የገዛ ሰው እንዲህ አያደርግም አለ።

ሊያ ስልኳን አስቀመጠች። «ማሚ፣ ዋይ?» አለችኝ፣ ለምን ማለቷ ነው። እኔስ ምን አውቄ!

ኦክቶበር 10፣ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ጋሼ መኩሪያን ቤ/ክ ፓርኪንግ ውስጥ ያዝኩት፣ መኪናው ፊት ቆሜ። መርፌውን ያወጣው ባህሩ ነው? ለምን? አልኩት። ሰው እያየን ነው። ነጠላውን አስተካከለ፣ ደግሞ አስተካከለ።

«ለባህሩ ቃል ገብቻለሁ። ወንድምሽን ጠይቂው።»

ሳምሶንን? ሳምሶን ምን አገባው? መኪናው ውስጥ ገባ። መንገድ ለቀቅኩለት።

ሳምሶን ታናሼ ነው። ብቻውን ይኖራል። አምና ፍቺው ላይ ኮቪድ ተደርቦ የኤርፖርት ሹፌርነቱንም አሳጣው። ዘንድሮ ግን ሥራ ይዟል፣ ይስቃል። ደህና ነው ብዬ ነው የማውቀው።

ኦክቶበር 12፣ ማክሰኞ

ከሥራ ቀጥታ ሳምሶን ጋ። ሳልቀመጥ ጠየቅኩት።

የኔ ነው አለ።

አምና፣ ሁሉ ነገር ተዘጋግቶ ሳለ፣ ከማያውቀው ሰው ገዛው። ለምን? መስኮቱን ያያል። «ለሌባ አልነበረም» አለ። ቆይቶ ገባኝ፤ ለራሱ ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ባህሩ ምግብ ሊያደርስለት ሄዶ ጠረጴዛ ላይ አየው። አልጮኸም፣ አልመከረም። «ሰፈራችን ሌባ በዝቷል፣ እስቲ ለጥቂት ቀን አውሰኝ» አለው። ውሸት መሆኑን ሳምሶን አውቋል። ባህሩ ሐሳቡን እንዳወቀበትም ገብቶታል። ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ባህሩ ከሥራ ሲወጣ መምጣት ጀመረ። አንድ ቀን ጎማዬን እይልኝ፣ አንድ ቀን ኳስ አብረን እንይ። ሳምሶን ሽጉጡን መልስልኝ ሲለው፣ በሚቀጥለው ሳምንት። ሁሌ በሚቀጥለው ሳምንት። መርፌውን ያወጣውም ለዚህ ኖሯል። ለኔ ኦቨርታይም ነው ይለኝ ነበር! እኔ ደግሞ ቤትህን ረሳህ ብዬ ማኩረፌ።

እኔስ እህት አይደለሁም? ብዬ ጮህኩበት። ባህሩ ልንገራት ሲለው ያስማለው እሱ ራሱ ነው፤ አፍሮ። ባህሩ ከሞተ በኋላስ? «ያኔማ ምን ብዬ ልጀምር?» አለ።

ከዛ ደግሞ አሁን ደህና ነኝ፣ ስጪኝና ልሽጠው አለ። አልሰጥም አልኩ። የኔ ነው እኮ አለ። ይሁን! አልሰጥም! በሩን ወርውሬ ወጣሁ። መኪና ውስጥ አለቀስኩ። በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም። በሁሉም።

ኦክቶበር 14፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ከሥራ ኦፍ ወሰድኩ። ፖሊስ መጥቶ እንዲወስደው ደወልኩ። ለሳምሶንም ነገርኩት፤ በዚህ ቤት መደባበቅ በቃ። ስልኩን ዘጋብኝ።

ፖሊሱ በር ላይ ሲደርስ ግን የሳምሶን መኪና ከኋላው ቆመች። የማን ነው አለ ፖሊሱ። አፌን ሳልከፍት ሳምሶን ቀደመኝ። የኔ ነው፣ አልፈልገውም፣ አጥፉልኝ። ፈረመ። ፖሊሱ በቦርሳ ይዞት ሄደ። ከቼኮዝሎቫኪያ እስከ ሳምሶን ጠረጴዛ ድረስ እነማን እንደያዙት አላወቅኩም። አላውቅምም።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። አሁንስ ራስህን የማጥፋት ሐሳብ ይመጣብሃል? አልኩት፣ በቀጥታ። በኛ ቤት እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። «አንዳንዴ» አለ።

አንዳንዴ! እና እኔ ይስቃል እላለሁ።

ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ አልኩት። እሺ አለ። አሁን ሊያ ኩሽና ውስጥ ቀጠሮ ልታስይዝለት ስልክ ላይ ናት፣ የሚቀጥለው ወር ነው ቢሏት በእንግሊዝኛዋ ልክ ልካቸውን እየነገረቻቸው። ዛሬ በጀችኝ።

ባህሩ ላይ ግን አልበረደልኝም። ብቻህን ተሸክመኸው ሞትክ? ምነው ብታካፍለኝ?

ሳምሶን ልሂድ ብሎ ተነሳ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ወሰድኩ። ዛሬ እዚህ ያድራል። ነገም። ሱፐርቫይዘሬን ሺፍት ቀይሪልኝ ብያታለሁ፤ እምቢ ካለች ሥራውን እለቃለሁ። እስከ መቼ እንደሆነ እንጃ። እየተጣራ ነው፣ ፎጣ የት ነው ይላል። ቆይ፣ ሄጄ ልስጠው።