ቢጫው ማን ነው?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2000

ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። አንድ ቀሚስ ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ የስፌት መኪናዋ ክር እየበጠሰች አስቸገረችኝ። ተውኳት። ሻርፔን ጠምጥሜ ወደ በፍቃዱ ሻይ ቤት።

"መጣች የብስክሌቷ!" አለ ገና በሩ ላይ ስደርስ። ዲሽ ካስተከለ ወዲህ ቤቱ ወንድ አይጠፋውም። የዓረብ ፊልም እያዩ ነበር።

"ወላሂ በፍቃዱ፣ ትንሽ ብቻ። ዛሬ መጨረሻው ዳገት ነው።"

ቀየረልኝ። አጉረመረሙ። ሙላው፣ የደሴ መስመር ሹፌሩ፣ "ብስክሌት ደግሞ ምኑ ይታያል?" አለ።

"ፈረንሳይ አገርን ይዞሩታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ።"

"መኪና የላቸውም?"

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ... ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። እዚህ አገር ዳገት የማያውቅ ሰው የለም። ጋዜጠኛው በዓረብኛ የሚለውን በአማርኛ ስነግራቸው ጭራሽ ተጠጉ። አንዱ ከመሃል ተነጥሎ ሲወጣ ሙላው ራሱ "በሁለተኛ ማርሽ ነው እኮ የሚወጣው!" ብሎ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። አግዳሚው ላይ ቆሜ ስጮህ ነው ራሴን ያገኘሁት። መቼ እንደወጣሁበት... አላውቅም።

ሐምሌ 4

ዛሬ ባባ ትዝ ሲለኝ ዋለ።

ኩዌት የሠራሁበት ቤት ሽማግሌ። ግማሽ አካሉ አይታዘዝም፣ አንደበቱም ተይዟል። ማብላት፣ ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠት... የኔ ሥራ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ የሉም። እኔ፣ ባባ፣ ቴሌቪዥን። ሩጫ ቢሉ፣ ብስክሌት ቢሉ፣ ያ በዱላ የሚመቱት የአሜሪካኖች ኳስ፣ ቤዝቦል ቢሉ... አንዱም አያመልጠውም። ወጣት ሳለ አሜሪካ ነው የተማረው ይሉ ነበር። በምን አስረዳኝ? በደህናው እጁ። አልጋውን አንዴ ከመታ፣ ጎበዝ ማለት ነው። ደጋግሞ ከመታ፣ ዳኛው ተሳስቷል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለመድኩት። የኛ ልጆች የሮጡ ቀን ደግሞ እኔን እየጠቆመ ይስቃል። ጥርስ የለውም እኮ!

ሞተ። መጣሁ። እዚህ "ምነው ቶሎ መጣሽ?" ይሉኛል። ምን ልበል? ሽማግሌ ሞተብኝ? የሰው አባት? ማን ይገባዋል...

ሐምሌ 6

አባ ጠሩኝ። ደረሶቻቸው፣ ተማሪዎቹ፣ የዕለቱን ቁርኣን አንብበው ከሄዱ በኋላ።

"በፍቃዱ ቤት ምን አለሽ?"

"ብስክሌት አያለሁ አባ።"

"ብስክሌት..."

"የሚሽቀዳደሙትን።"

ኪታባቸውን ገለጡ። መልሰው ዘጉት። "ሰው ያወራል ልጄ" አሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከመጣሁ ወዲህ እኔና አባ የምንነጋገረው ይቺኑ ያህል ናት። ምግብ ቀርቧል። አላህ ይስጥሽ። ደህና ይደሩ። እማ ብትኖር መሃላችን ገብታ ታወራ ነበር። እማ ስትሞት እኔ እዚያ ነበርኩ። ስለሱም ተነጋግረን አናውቅም።

ሐምሌ 9

አክስቴ ፈይዛ መጣች። ፊቷ በርቶ። ሙእሚን የሚባል አለ፣ የአቀስታ ልጅ፣ ጨርቅ ነጋዴ። ዲን ያለው፣ ሶላቱን የማያቋርጥ፣ ሥራ የሚወድ። ሊጠይቁኝ ነው።

"እናቱ ግን ሰምታለች" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ምን ሰማች?"

"የሼህ ከማሉዲን ልጅ አግዳሚ ላይ ወጥታ ከወንድ ጋር ትጮሃለች ብለዋታል።"

አልወጣሁም ልል ነበር። ወጥቼ የለ?

"ተይው በቃ ፈርሂያ! ለሰው አገር ብስክሌት ብለሽ ባል ልታጪ ነው?"

እንዲህ ሲባል ያሳፍራል። እሺ፣ ተውኩት አልኳት።

ሐምሌ 12

ቤት ነኝ። ሬድዮው ስለ ብስክሌት አንድ ቃል አይተነፍስም። ኳስ፣ ኳስ፣ ኳስ። የሰው እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት።

ሐምሌ 14

ከየት ልጀምር...

ከሰዓት በረንዳው ላይ እሰፋለሁ። አባ በሩ አጠገብ ተቀምጠው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። በፍቃዱ በአጥሩ ሥር አለፈ። አልገባም፣ ቆም እንኳ አላለም። ብቻ እየሄደ ጮኸ፦

"ፈርሂያ! ቢጫው ተቀየረ!"

"ማን ወሰደው?" ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። መቀሱ ከጭኔ ወደቀ።

"ወላሂ ስሙ አይያዝም! ከሲታ ነው፣ ረዥም!" ብሎ ታጠፈ።

ዞር ስል አባ ያዩኛል።

"ቢጫው ማን ነው?"

"ሰው አይደለም አባ..."

"ከሲታ ነው፣ ረዥም ነው አለ አይደል?"

ያ ረቢ! ምን እንዳሰቡ ገባኝ። ሳቄ መጣ፣ ፈራሁ፣ መልሶ ሳቄ መጣ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ቢጫ ልብስ ነው አልኩ። እስካሁን ከሁሉም የቀደመው ይለብሰዋል። ሌላ ሲቀድመው ለዚያ ይሰጣል።

"ብቻውን ነው የሚጋልበው?"

"አይ፣ ጓደኞች አሉት። ፊት ፊት እየሄዱ ንፋሱን ይከልሉለታል። ወደ ኋላ ተመልሰው ውሃ ያመጡለታል። ጎማው ከፈነዳ የራሳቸውን ነቅለው ይሰጡታል።"

"እነሱስ?"

"እነሱ ይቀራሉ።"

"ቢጫው ለነሱ አይደርስም?"

"አይደርስም አባ።"

ሙስበሃው ቆመ። "ካዲም ናቸዋ" አሉ።

ካዲም! ዱዓ ላይ ውሃ የሚቀዳው፣ የእንግዳ ጫማ የሚያነሳው፣ ሁሉ ከበላ በኋላ የሚበላው። ስንት ጊዜ ሳያቸው ኖሬ እኔ እንዴት አላሰብኩትም?

"አዎ አባ። ካዲም ናቸው።"

ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ እኔን ሳያዩ፣ "እዚያ አገር... ላንቺ ማን ውሃ ያቀብልሽ ነበር?" አሉኝ።

የያዝኩትን ጨርቅ ፊቴ ላይ አደረግኩት። ስሄድም ስመለስም ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አባ አላባበሉኝም፣ አልተነሱምም። ጠበቁኝ።

ከዚያ ነገርኳቸው። ባባን፣ እጁን፣ አልጋውን ሲመታ፣ የሞተ ዕለት ቴሌቪዥኑ ክፍት እንደነበር... ሁሉን።

"ስሙ ማን ነበር?"

"ዓውድ።"

"የማን ልጅ?"

አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ አጥቤው የአባቱን ስም አላውቅም።

"አላህ ያውቀዋል" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ዱዓ አደረጉለት፣ ረዥም። ስለ እማም ጨመሩ። አሚን አልኩ። ለሁለቱም ጮክ ብዬ አሚን ያልኩት ዛሬ ገና ነው።

ሐምሌ 20

ብስክሌቱ አለቀ። አላየሁትም። አባ እራት ላይ "ቢጫው ማን ዘንድ ቀረ?" አሉ። አላውቅም አልኳቸው። ቅር ያላቸው እሳቸው!

ሐምሌ 26

ቤዝቦልን ላስረዳቸው ሞከርኩ። በዘነዘናና በሎሚ። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ መትቶ ይሮጣል፣ ዞሮ ከተነሳበት ሲደርስ ነጥብ ነው አልኩ።

"ከተነሳበት ከደረሰ ታዲያ ምን ሮጠ?"

ባባ ይህን አላስተማረኝም። ሎሚው ተንከባሎ ደረሶቹ ምንጣፍ ሥር ገባ። አባ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል... ረስቼው ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

አሁን ገባን። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ቤጂንግ ላይ ዛሬ የሴቶቹ አሥር ሺህ ነበር። ሬድዮዬን አዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ። ከዐሥር ሶላት በኋላ አባ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

"ሩጫው ዛሬ ነው አይደል?"

"ነው። በሬድዮ እሰማዋለሁ።"

"ሩጫ በጆሮ ይታያል እንዴ? ልበሺ፣ እንሂድ።"

"የት?"

"በፍቃዱ ዘንድ ነዋ።"

"አባ... ሰው ያወራል።"

"ያውራ። ከኔ ጋር ያውራሽ።"

ጭቃውን ተደጋግፈን ወረድን። ስንገባ ቤቱ ፀጥ አለ። ሙላው ኮፍያውን አወለቀ። በፍቃዱ አግዳሚውን በገዛ ጋቢው ጠረገው። አባ "አሰላሙ ዓለይኩም" ሲሉ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ መለሰ። ተቀመጡ። እኔን ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

የዓረቡ ጣቢያ ይጠራል ብሎ በፍቃዱ እሱን ከፈተ። አባ ጋዜጠኛውን ትንሽ አዳመጡና ፊታቸውን አጨማደዱ። "ሰዋስው ይስታል" አሉ። ቴሌቪዥኑን ያርሙት ጀመር! እሱ ይጮሃል፣ አባ ያቃናሉ።

"ይቅጡት ሼሁ!" አለ በፍቃዱ። ያኔ ቤቱ ተፈታ። ሁሉም ሳቀ።

ከዚያ የአባ ጥያቄ ማባሪያ የለውም።

"ይቺ ፊት ያለችው አሸነፈች ማለት ነው?"

"ገና ነው አባ። የኛዋ ኋላ ኋላዋ ናት። ንፋስ እየተከለለች።"

"ካዲም አድርጋታለች በይኛ!"

እኔ ስናገር ቤቱ ሁሉ ያዳምጣል። ሙላው ጭምር። ደወል ተመታ። አባ ክንዴን ያዙ፦ "ምንድን ነው እሱ?"

"የመጨረሻው ዙር ነው።"

የቱርክ ማልያ የለበሰችው ፊት፣ የኛዋ ጥላዋን ረግጣ... ረግጣ... ወጣች! ቤቱ አበደ። እኔ ተቀምጫለሁ። አግዳሚውን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ ጥርሴን ነክሼ። አክስቴ ታየችኝ፣ አይቻት የማላውቃት የሙእሚን እናት ታየችኝ። ድንገት ከአጠገቤ፦

"ነይ! ነይ ልጄ! ያ ረቢ አድርሳት!"

አባ! ቆመዋል። ከዘራው መሬት ላይ ነው። ጥምጣማቸው ወደ ጎን ሄዷል። በፍቃዱን አቅፈውታል!

ስንመለስ ዳገቱ መሃል ላይ ትንፋሽ ሊወስዱ ቆሙ።

"አንቺ ለምን አልጮህሽም?"

"እርስዎ እያሉ?"

"እኔ እያለሁ ነዋ የሚጮኸው!"

ነሐሴ 12

ሙእሚን ራሱ መጣ። በዚህ ጭቃ፣ ከአቀስታ! ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነው የገባው። አሳዘነኝ። አባ ሰላም ብለው አስገቡት፣ እሳቸው ወጥተው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። በሩ ክፍት።

መልከ መልካም ነው። ጨዋ። ዓይኑን ከመሬት አያነሳም።

"እናቴ... ሼሁ ራሳቸው እዚያ ሻይ ቤት ገቡ ሲሏት ታመመች።"

"አላህ ያሽራት። አንተስ?"

"እኔ ምን?"

"ብስክሌት ባይ፣ ሩጫ ባይ፣ ብጮህ... አንተ ምን ትላለህ?"

ጫማውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። "እኔ ክፋት የለውም እላለሁ። ግን እናቴ..."

ጥሩ ሰው ነው። ወላሂ ጥሩ ሰው ነው። ግን ቤታቸው ስገባ ታየኝ፤ እናቱ ስትናገር እሱ እንዲሁ መሬት መሬት ሲያይ። አይሆንልኝም፣ ይቅር በለኝ፣ አፉ በለኝ አልኩት። አፉ ብዬሻለሁ አለ። እፎይ ያለ መሰለኝ... ወይስ እኔ ነኝ?

አክስቴ ሰምታ መጣች። "ነገ ትጸጸቻለሽ!" ልጸጸት እችላለሁ፣ ማን ያውቃል። አባ "ልጄን የሚፈልግ ከነጩኸቷ ይውሰዳት" አሏት። ለኔ ማጽናኛ አንዲት ቃል ብቻ፣ "አብሽሪ።"

ትንሽ አለቀስኩ። ጫማውን ይዞ ቁልቁል ሲወርድ ሳየው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

ጉንፋን ጣለኝ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት። ዛሬ ደግሞ አምስት ሺው ነው! ልነሳ ስል አባ ከለከሉኝ። "ተኚ። እኔ አይቼ እነግርሻለሁ" ብለው ብቻቸውን ወጡ። ሼህ ከማሉዲን፣ ሩጫ ሊያዩ፣ ብቻቸውን! ከመስኮቱ አየኋቸው። ይቸኩላሉ።

ሬድዮውን ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገብቼ ሰማሁት። የኛዋ ደገመችው! ድምፄ ስለተዘጋ ትራሱን መታሁ። ከታች፣ ከበፍቃዱ ቤት በኩል ጩኸቱ እዚህ ድረስ መጣ። ከመሃሉ የአባን ድምፅ ለመለየት ጆሮዬን ሰጠሁ።

ሲመጡ ሬድዮውን አጥፍቼ ደብቄዋለሁ። ጋቢያቸው ረጥቧል፣ ፊታቸው ያበራል። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የባቄላ ቆሎውን ትሪ ሳቡ። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አሰለፉ። ትልቋን መርጠው ከኋላ አስቀመጧት።

"ይቺ የኛዋ ናት። ያቺ ቱርኳ። እነዚህ የሌላ አገር ናቸው፣ ስማቸው አልተያዘኝም። መጀመሪያ ሁሉም ዝም ብለው ይሄዳሉ፣ የሚቸኩል የለም። ሙላው 'ምነው ተኙ?' ሲል እኔ ምን አልኩት መሰለሽ? እያዘናጉ ነው አልኩት! ጋዜጠኛውም ኋላ ያንኑ አለ።"

ጣታቸው ትልቋን ፍሬ ቀስ አድርጎ ወደፊት ገፋት። ከዚያ ረሷት፣ መልሰው ወደ ኋላ ወሰዷት። ዙሩ ተምታታባቸው። አላረምኳቸውም።

"ማን አሸነፈ አባ?" አልኩ በዚያ በተዘጋ ድምፄ።

"ቆይ ልጄ፣ አትቸኩይ" አሉ። "ገና ነው።"