አንድ ደቂቃ፣ መጣሁ

ውድ እትዬ፣

ከስድስት ዓመት ዝምታ በኋላ የምጽፍልሽ ልለምንሽ ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ከዛሬ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና አለኝ። ሆስፒታሉ ደግሞ አስታማሚ ይዞ ያልመጣ ሰው አያስተኛም። የሚፈርም፣ ልብሴን የሚይዝ፣ ስነቃ አጠገቤ የሚሆን አንድ የቤተሰብ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ካንቺ ሌላ የለኝም።

አድራሻሽን የሰጠችኝ አክስታችን ናት። ስልክሽንም ሰጥታኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውሎ የዘጋብሽ ሰው እኔ ነኝ፤ ይቅርታ። በሦስተኛው "አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?" ስትይኝ፣ የለኝም ልልሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ድምፅሽ ቁርጥ እማዬን መሰለኝና ደንግጬ ዘጋሁት። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ፤ ወረቀት ቢያንስ አይጮህብኝም።

አሁንም እዚያው መነጽር ቤት ነኝ። ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ቀኑን ሙሉ መስታወት በፍሬሙ ልክ እሞርዳለሁ። ሰው የማየው በትንሿ መስኮት በኩል ነው። ሻጯ ፍሬሙንና ወረቀቱን ትሪ ላይ አድርጋ ትገፋልኛለች፣ እኔ ሠርቼ መልሼ እገፋለሁ። አንዳንድ ቀን "እሺ" ከማለት ሌላ ቃል ሳይወጣኝ ይመሻል። ቤቴ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው በሩን የምከፍተው፤ ማን ይሰማኛል ብዬ እንደሆነ እንጃ።

በቀደም ሻጯ ስልኳን በመስኮቷ አሾልካ፣ "ጋሼ፣ ይቺን ያውቋታል? እንደ አዲስ ወጥታለች እኮ" አለችኝ። ያቺ ከላይ የሚወርዱትን ጡቦች እያዞርን ረድፍ የምንሞላባት የጡቡ ጌም! እሷ አዲስ ነገር ያሳየችኝ መስሏታል። እኔ ግን ላንቺ ብቻ የምነግርሽ ጉድ አለኝ፤ ይቺ ጌም እንደገና በወጣች ቁጥር ሳልገዛ አልፌ አላውቅም። ባለቁልፉ ስልክ ላይ ስትመጣ ገዛሁ፣ በቴሌቪዥን ስትመጣ ገዛሁ። የድሮዋን አስመስለው የሠሯትን ደግሞ ከመጫወቻ ሱቅ ገዛሁ። ባለሱቁ "ለልጅዎ ነው?" ሲለኝ፣ "አዎ" አልኩት። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ብታያት፣ በወጣች ቁጥር እየራራች ነው የምትወጣው። የኛዋ የሚቀጥለውን አንድ ጡብ ብቻ ነበር የምታሳየን፤ የዛሬዎቹ አምስት ስድስቱን አስቀድመው ይነግሩሻል። ጡቡ የሚያርፍበትን ቦታ በጥላ ያመለክቱሻል። ያልፈለግሽውን ጡብ ወደ ጎን አስቀምጠሽ በኋላ ማውጣት ትችያለሽ። ሎጋውስ ብትይ? ያ ዳር ዳሩን ቀዳዳ ትተንለት እየለመንነው ሳይመጣ ቀርቶ የሚያስረታን ቀጥ ያለ ረጅም ጡብ፣ ዛሬ ተራውን ጠብቆ መምጣቱ አይቀርም። ይህ ሁሉ ተደርጎልኝም አልቻልኩበትም። ምክንያቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ያቺን ግራጫዋን የእጅ መጫወቻችንን ታስታውሻታለሽ። ሳጥኗ ላይ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጌም አለኝ ብላ፣ ስትከፈት ያው አንዷ ጌም ፍጥነቷን እየቀያየረች የምትመጣ ቀጣፊ። እኔ ልያዝ፣ እኔ ልያዝ እያልን ተጓትተን ማንጠልጠያዋን የበጠስን ቀን እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ፈረደችብን።

"ግራው የሱ፣ ቀኙ ያንቺ። ወይ አንድ ላይ ትጫወታላችሁ፣ ወይ እሳት ውስጥ እጨምራታለሁ።"

ቅጣት መሆኑ ነበር። እኔ ጡቡን ወዲያና ወዲህ አስኪያጅ፣ አንቺ አዟሪ ሆንን። አንድ አልጋ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ ያቺን ኮሳሳ ዕቃ እንደ ሕፃን ግራና ቀኝ ይዘናት።

"ከዘራው ጡብ መጣ! አዙሪው እንጂ፣ ምን ታያለሽ?"

"መጀመሪያ አንተ አስጠጋው፣ ጩጬ! የት ላይ ላዙርልህ፣ ሰማይ ላይ?"

እየቆየ ጭቅጭቁም ቀረ። የምታዞሪበትን ሰዓት ከትንፋሽሽ አውቀው ነበር። የሠፈሩን ልጅ ሁሉ ረታን፤ ብቻቸውን በሁለት እጃቸው የሚጫወቱት ሁሉ ከኛ እኩል መድረስ አቃታቸው። በዕድሜዬ ከዚያ የተሻለ የሠራሁት ነገር ያለ አይመስለኝም።

አሁን ብቻዬን ስጫወት ጡቡን ከቦታው አደርሰዋለሁ፤ ከዚያ እጠብቃለሁ። ቀኝ አውራ ጣቴ ማዞር የሱ ሥራ መሆኑን እስከ ዛሬ አልተማረም። ጡቡ እንደቆመ ቁልቁል ይመጣና ያለቦታው ይቀመጣል። አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ የስድስት ዓመት ልጅ ይረታኛል። ሻጯ በመስኮቷ አጮልቃ ስታየኝ፣ "ጋሼ፣ ያዙሩት እንጂ! ምነው?" ብላ በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅሁላት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ።

እማዬ በታመመች ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከአልጋዋ ያልተለየሽው አንቺ ነሽ። እኔ ከሰዓት በኋላ ብቅ እያልኩ ኮሪደሩ ላይ የምቀመጥ እንግዳ ነበርኩ። በመጨረሻው ቀንም ከሥራ መጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ፤ ስልኬ በእጄ ነው፣ ጡቡ ይወርዳል። በሩን ገፋ አድርገሽ አንገትሽን ብቻ አወጣሽና፣ "ጩጬ፣ ና ግባ፣ እየጠራችህ ነው" አልሽኝ። ቀና እንኳ ሳልል፣ "አንድ ደቂቃ እትዬ፣ መጣሁ" አልኩሽ። ሁለተኛ አልጠራሽኝም። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ጩኸትሽን ሰማሁ።

ከቀብር መልስ ቤቱ በሰው ሲሞላ አጎታችን፣ "አንተስ ደረስክባት?" ብለው ጠየቁኝ። "መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ነው ያመለጠችኝ" አልኩ። አንቺ የውሃ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዘሽ በመሃላችን እያለፍሽ ነበር። ቆም ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ ለአጎታችን፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ የላክሁት" አልሻቸው። ከዚያ ወዲህ ካንቺ አፍ ለኔ የወጣ ቃል የለም። በሳምንቱ ዕቃሽን አስጭነሽ ሄድሽ።

ጌሙ ከእናቴ በልጦብኝ እንደቀረሁ ነው የምታውቂው። እንዲያ እንድታውቂ የተውኩሽ እኔ ነኝ። እውነቱ ሌላ ነው። ማቆሚያዋ እዚያው አውራ ጣቴ ሥር ነበረች፤ አንዴ ብነካት ጡቡ ባለበት ቀጥ ይል ነበር። እያሸነፍኩም አልነበረም። እንኳን ላሸንፍ፣ የሚወርደውን አላየውም ነበር። ፈርቼ ነው፣ እትዬ። በዋዜማው አንቺ ልብስ ልትቀይሪ ቤት ስትሄጂ ገብቼ አይቻታለሁ። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። እጇን ስይዛት ትክ ብላ አየችኝና፣ "ማነህ?" አለችኝ። ላንቺም ለማንም አልነገርኩም። ያንን ቃል ሁለተኛ ከምሰማ ብዬ ነው ስልኬ ውስጥ የተደበቅሁት። በኋላም ልጅነቱ ያልለቀቀው ሞኝ መባል ፈሪ ከመባል ቀለለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ስድስት ዓመት አብሮኝ አድሮ ይነሳል። "እየጠራችህ ነው" ስትይኝ፣ እማዬ በስሜ ነበር የጠራችኝ? ምንም ይሁን ምን እውነቱን ንገሪኝ።

ሌላም ያልነገርኩሽ አለ። ይህ ቀዶ ሕክምና ባለፈው ወር ነበር ማለቅ የነበረበት። በቀጠሮዬ ቀን ምንም ሳልቀምስ ሄድኩ። ከኋላው ክፍት የሆነውን ጋዋን አለበሱኝ፤ ብታይኝ ኖሮ መቼም አትተርፊም፣ በሳቅ ነበር የምትወድቂው። አስታማሚ በሚለው ቦታ ያንቺን ስም ጻፍኩ። ዝምድና በሚለው ላይ "ታላቅ እህት" አልኩ።

"ጋሼ፣ እህትዎ የታሉ?" አለችኝ ነርሷ።

"መንገድ ላይ ናት፣ ሲስተር።"

ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። "እስቲ ይደውሉላቸው" አለችኝ፤ ሳልደውል ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ "አታነሳም" አልኳት። ከኔ በኋላ የመጡት ሰዎች እየተጠሩ ገቡ። የሊፍቱ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እል ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ለነርሷ ማስመሰሌ አልነበረም፤ የምትመጪ መስሎኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ አጠገቤ ቁጭ አለችና ቀስ ብላ፣ "ጋሼ፣ ዶክተሩ ሊወጡ ነው። ልብስዎን ይልበሱ፣ ሌላ ቀን እንቀጥርዎታለን" አለችኝ። የሚገርምሽ፣ ወደ ቤት ስመለስ ተቀይሜሽ ነበር። እንዴት አንድ ቀን እንኳ አትመጣልኝም እያልኩ መንገዱን ጨረስኩት።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ ያለው አግዳሚ ላይ ነኝ። ይቅር ሳትይኝም መምጣት ትችያለሽ። ፈርመሽ፣ ሳታናግሪኝ ቁጭ ብለሽ፣ ስነቃ ተነስተሽ ብትሄጂም አልቀየምም። ባለፈው ሳልጠራሽ ነው የጠበቅሁሽ። አሁን ጠርቼሻለሁ።

ወንድምሽ፣
ጩጬ