ያልተሰማኝ ባስ

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ዛሬ ከእህቴ ልጅ ከሜሮን ጋር ከሳን ሊያንድሮ ከተማ በላይ ወዳለው ሐይቅ ዓሣ ልናጠምድ ሄድን። ውሃው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ባስ የሚባለው ዓሣ በብርድ ሰነፍ ስለሚሆን፣ መንጠቆው ላይ የተሰካውን የላስቲክ ትል ከውሃው ሥር አስቀምጦ አልፎ አልፎ ቀስ አድርጎ መጎተት ነው። ሲበላም አይነጥቅም፤ ክሩ ትንሽ ይከብዳል፣ ያንን የሚያውቀው ጣት ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ያስተማሩኝ ጣቶቼ ናቸው።

«ጋሼ፣ ክርህ እየሄደ ነው! ፑል አድርገው እንጂ!» ብላ ጮኸች ሜሮን።

እውነትም ክሩ ወደ ጎን እየሄደ ነበር። ስጎትተው ባሱ ትሉን ተፍቶ ሄዷል።

«ምሳውን ይጨርስ ብዬ ነው፤ እንዳንቺ ሰው ሲበላ አልረብሽም» አልኳት።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሼ! ተኝተህ ነበር!» እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

አልተኛሁም። ክሩን በጣቴ ይዤው ነበር። ብርዱ ነው እንዳልል፣ እስከ ቤት ድረስ እጄን የመኪናው ማሞቂያ ላይ አድርጌ መጣሁ። ሐኪሙ ስኳሩ እግሬን ሊያደነዝዘው እንደሚችል ነግሮኛል፤ ስለ እጄ ግን አልጠየቅኩትም።

ቤት ስገባ አመልካች ጣቴን በመንጠቆው ጫፍ ወጋሁት። ደሙን አየሁት እንጂ ምንም አልተሰማኝም።

ሜሮን አሁን ቴክስት አደረገችልኝ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም እንሂድ ትላለች። ምን ቀልድ ልመልስላት...